ፎር ዊሉ ያስነሳል፣ የሚያቆመው ጎማው ነው

ባሕር ዳር ላይ ላንድክሩዘር ወይም ሃይሉክስ የሚነዳ ሰው አንድ በሽታ አለበት። ፎር ዊሉን ካስገባ በኋላ የማይወጣው ዳገት፣ የማይሻገረው ጭቃ ያለ አይመስለውም። ለሞተሩ ዘይት ይመርጣል፣ ለወንበሩ ልብስ ያሰፋል። ጎማ ላይ ሲደርስ ግን የሚጠይቀው ዋጋውን ብቻ ነው። ዋጋውን መጠየቁ አይገርመኝም። የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ጎማ መግዛት ያማል። ግን አራት ጎማ ገዝቶ የማይሆን ጎማ መግዛት የበለጠ ያማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎር ዊል የሞተሩን ጉልበት ለአራቱም እግር ያካፍላል። የቆመውን መኪና ያስነሳል፣ ዳገት ያወጣል። ፍሬን ስትይዙ ግን የሚጨምርላችሁ ነገር የለም፤ ፍሬን ድሮም በአራቱም ጎማ ላይ አለ፣ ቪትዝም ላይ አለ። ኩርባ ላይም ያው ነው። እዚያ ቦታ መኪናውን ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ጎማው ብቻ ነው። ክብደቱም አያግዝም፤ ላንድክሩዘር አንዴ ከተንሸራተተ ያገኘውን ይዞ ነው የሚሄደው።

ይህን ያነሳሁት ስለ በረዶ ለማውራት ነው። ጣና ዳር ቁጭ ብሎ ስለ በረዶ ጎማ መጻፍ ምን የሚሉት ነው የሚል አይጠፋም። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ካናዳ ወይም ስዊድን ወይም ሚኒሶታ ዘመድ የሌለው የባሕር ዳር ቤት እስቲ ፈልጉ። የእኔ የእህቴ ልጅ ካልጋሪ ነው ያለው፤ ክረምታቸው ሊገባ ሲል ስለ ጎማ ብጠይቀው «ኧረ ጋሼ፣ ፎር ዊል እኮ ነው የገዛሁት» ብሎኝ አረፈ። በሽታው ውቅያኖስ ተሻግሯል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ቅርብ ነው። እንግዳ ሲመጣ ጢስ ዓባይን እናሳያለን፣ ገዳማቱን እናሳያለን፣ ከዚያ የሰሜን ተራሮች እንወስደዋለን። እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከጎንደር ደባርቅ 100 ያህል። ከደባርቅ በኋላ መንገዱ በሳንቃበር አልፎ ጨነቅ ይደርሳል፣ ከጨነቅም በቧሂት ተራራ ትከሻ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። እዚያ ሌሊት ውርጭ የተለመደ ነው፣ አንዳንዴም ተራራው ነጭ ለብሶ ያድራል። መኪናው ግን ከባሕር ዳር የተነሳ መኪና ነው፣ ጎማውም የባሕር ዳር ጎማ።

የበረዶ ጎማ ምስጢሩ ላስቲኩ ላይ ነው። የተለመደው ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲወርድ እየደረቀ ይሄዳል፣ መንገድ የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል። የበረዶው ጎማ በብርድም ልስላሴውን እንዳያጣ ሆኖ ነው የሚሠራው። ጥርሱን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት እያንዳንዱ ጥርስ በምላጭ የተተለተለ የሚመስል ቀጫጭን ስንጥቅ ሞልቶበታል። ጎማው ሲዞር ስንጥቆቹ ከፈት ይሉና በረዶውን ይነክሱታል። በጥርሶቹ መሃል የሚታጨቀው በረዶም ሥራ አለው፤ መሬት ላይ ካለው በረዶ ጋር ይያያዛል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ያ የምንወደው ትልልቅ ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ ለበረዶም ይሆናል ብሎ ያስባል። ለፎገራ ዋልካ አዎ፣ እሱን የሚተካ የለም። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ ያን ጥቁር ጭቃ እየተፋ የሚሄደው በጥርሶቹ መሃል ያለው ሰፊ ክፍተት ነው። የተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ግን ላስቲኩ ደረቅ፣ ስንጥቁ ጥቂት፣ መሬቱን የሚነካው ገጽም ትንሽ ነው። መልኩ ያስፈራል፣ ሥራው ያሳፍራል።

ስለዚህ የጎማውን ጎን ማንበብ ነው። «ኤም ፕላስ ኤስ» (M+S) የሚለው ጽሑፍ ጎማው ለጭቃና ለበረዶ ይሆናል የሚል የፋብሪካው የራሱ ቃል ነው፣ ፈተና አልፎ የተሰጠ ማዕረግ አይደለም። ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ተስሎ መሃሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የመጣ ሲሆን በረዶ ላይ ተሞክሮ የተቀመጠውን ልክ ያለፈ ጎማ ብቻ ነው የሚያገኘው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ወዲህ የክረምት ጎማ፣ ማለትም የበረዶ ጎማ፣ ብለው የሚቀበሉት ይህን ምልክት ያለውን ነው። ካናዳ ውስጥ ኩቤክ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት አጋማሽ የክረምት ጎማን በሕግ ታስገድዳለች፤ ካልጋሪ ያለችበት አልበርታ ለሹፌሩ ትታዋለች። የእህቴን ልጅ ሕግ ስላላስገደደው እኔ አስገድጄዋለሁ።

አሁን ደግሞ ይህን አንብቦ ነገ ጎሚስታ ዘንድ ሄዶ የበረዶ ቅንጣቷን የሚፈልግ እንዳይኖር። ከውጭ ተነቅሎ የመጣ ያገለገለ የበረዶ ጎማ ጥርሱ ጥልቅ ከሆነ ዓይን ይማርካል። ግን ባሕር ዳር በሚያዝያ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ያ ለስላሳ ላስቲክ አስፋልቱ ላይ እንደ ላጲስ ያልቃል፣ ፍሬን ስትይዙም መኪናው ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው። ዕድሜውንም እዩ። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ብቻዋን ተከባ አለች። 3214 ካለች እ.ኤ.አ. በ2014 በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ሻጩ «አንድም ቀን መንገድ አልነካም» ቢልም ላስቲክ መጋዘን ውስጥም ያረጃል። ጎንበስ ብላችሁ ጎኑን ስታዩት ጸጉር የሚያክል ስንጥቅ ካለው ተዉት።

ለእኛ አገር እኔ የምመርጠው ኦል ቴሬይን የሚባለውን ነው። አስፋልትም፣ ጠጠርም፣ መጠነኛ ጭቃም ይችላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ያቺን የተራራ ምልክት ይዞ ይመጣል። ፎገራ ሜዳ ውስጥ የሚሠራ የእርሻ መኪና የጭቃውን ይግዛ። ካልጋሪ የሚኖር ትክክለኛውን የበረዶ ጎማ ይግዛ። በሁለቱ መሃል ያለነው ኦል ቴሬይን ይበቃናል፤ ቧሂት ነጭ ሆኖ ካደረ ፀሐይ እስኪያሟሟው ቡና እየጠጡ መጠበቅ ነው።

የትኛውንም ግዙ፣ አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ሁለት አዲስ ከፊት፣ ሁለት መላጣ ከኋላ አድርጎ መሄድ ኩርባ ላይ ከኋላ ይጥላል። ሁልጊዜ በአራቱም እግር የሚሠራ መኪና ከሆነ ደግሞ የጎማው ዙር ሲለያይ ዲፈረንሻሉ ነው የሚጎዳው። ስኮርቱም ልኩ ያው ይሁን።

የጎማው ነፋስ ደግሞ አለ። ሙቀቱ በየ6 ዲግሪው ሲወርድ ጎማው 1 ፒ.ኤስ.አይ. (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ያጣል። ባሕር ዳር በቀትር የሞላችሁት ጎማ ጨነቅ ላይ ሲነጋ ሌላ ጎማ ነው፤ ከፍታው በበኩሉ መለኪያው ላይ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋልና ሁለቱ በከፊል ይካካሳሉ። መገመት ትታችሁ ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ ለኩ።

አንድ ቅሬታ ለአከራዮች አለኝ። ለሰሜን ተራሮች ጉዞ ፎር ዊል ብለው በቀን የሚያስከፍሉት ዋጋ ሙሉ የፎር ዊል ዋጋ ነው፣ ጎማው ግን አንዳንዴ የከተማ ታክሲ ጎማ ነው። ተከራይ ሆይ፣ ቀብድ ከመክፈልህ በፊት በአራቱም ዙሪያ ሂድ፣ ጥርሱን በጣትህ ንካ፣ አራቷን አሃዝ አንብብ፣ ስኮርቱንም አስወርደህ እይ። ባለመኪናው ከተቆጣ ሌላ መኪና አለ።