ቼክፖይንቱ የት ይቀመጥ? ኤችዲኤፍኤስ ወይስ ኤስ3

አፓቼ ፍሊንክ የተባለው ሶፍትዌር እየፈሰሰ የሚመጣውን ዳታ ሲሠራ፣ የደረሰበትን በየጊዜው ያስቀምጣል። ቼክፖይንት የምንለው ይህ ነው። ማሽን ሲወድቅ ሥራው ከዚያ ይቀጥላል። ሁለት የሙያ ባልደረቦች የት ይቀመጥ በሚለው አልተስማሙም፤ ፋይልን በብዙ ማሽኖች ዲስክ ላይ በሚያከፋፍለው በኤችዲኤፍኤስ ወይስ በኢንተርኔት በሚደረስበት የአማዞን ማከማቻ በኤስ3?

እሷ፦ እኔ ኤችዲኤፍኤስ እላለሁ። ሥራችን መልእክት ወደሚያስተላልፈው ሥርዓት፣ ወደ ካፍካ፣ የሚጽፈው በትራንዛክሽን ነው፤ ወይ ሁሉም ይጸድቃል ወይ ምንም። ቼክፖይንቱ ካላለቀ የተረጋገጠውን ብቻ የሚያነብ ተጠቃሚ ምንም አያይም። ስለዚህ በየ10 ሰከንዱ ማስቀመጥ ግድ ሆኖብናል። ኤስ3 ደግሞ ለእያንዳንዱ መጻፍ ያስከፍላል። 200 ንዑስ ሥራዎች በየ10 ሰከንዱ አንድ አንድ ፋይል ቢጽፉ በቀን 1,728,000 የመጻፍ ጥያቄ ነው!

እሱ፦ እስኪ በገንዘብ እናስላው። በአማዞን የቨርጂኒያ ማዕከል መደበኛ ዋጋ 1,000 የመጻፍ ጥያቄ 0.005 ዶላር ነው። በቀን 9 ዶላር አይሞላም። ከ20 ኪሎባይት ያነሰውን ደግሞ ፍሊንክ ከሜታዳታው (ከቼክፖይንቱ ማውጫ ፋይል) ጋር ጠቅልሎ ይጽፈዋል እንጂ ለብቻው ፋይል አይከፍትለትም። ያንቺው ኤችዲኤፍኤስ ግን እያንዳንዱን ብሎክ (የፋይል ቁራጭ) 3 ቦታ ይገለብጣል። ትንንሽ ፋይል ሲበዛም የፋይሎቹን ዝርዝር የሚይዘው ማሽን፣ ኔምኖዱ፣ ይጨናነቃል።

እሷ፦ እሱ ፋይሉ ሲከማች ነው። ፍሊንክ ካልነገርከው በቀር የመጨረሻውን 1 ቼክፖይንት ብቻ ይዞ ሌላውን ይሰርዛል።

እሱ፦ እኔን ያቃጠለኝ ይኸው 1 ብቻ መያዙ ነው። አንድ የሠራሁበት ቦታ ፍሊንኩም ኤችዲኤፍኤሱም በአንድ ክፍል፣ በአንድ የመብራት መስመር ላይ ነበሩ። መብራት ሲጠፋ አብረው ወደቁ። ኤችዲኤፍኤስ ካላዘዝነው በቀር ፋይል ሲዘጋ ዳታው ዲስክ ላይ እስኪያርፍ አይጠብቅም። መብራቱ ሲመጣ የመጨረሻው ቼክፖይንት ተበላሽቶ አገኘነው። 3 ቅጂ ነበረን፤ 3ቱም እዚያው ክፍል። ያን ሌሊት አልረሳውም።

እሷ፦ ይህስ ያማል። ግን የእኛ ማሽኖች ግቢያችን ውስጥ ናቸው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ኤስ3 ላይ እንዴት እጽፋለሁ? ቼክፖይንቱ ይከሽፋል፤ ፍሊንክም ታገስ ካላልነው ሥራውን ጥሎ እንደገና ያስጀምረዋል።

እሱ፦ እንግዲያው ሴፍ የተባለውን የማከማቻ ሶፍትዌር ትከሉ። በኤስ3 ቋንቋ ያናግራችኋል፣ ግቢያችሁ ውስጥም ይቆማል። ብቻ በሌላ ክፍል፣ በሌላ መብራት ይሁን።

እሷ፦ ሌላ መብራት ያልከውን ተቀብያለሁ። ግን አዲስ ሥርዓት የሚጠብቅ ሰው የለንም። ኤችዲኤፍኤስ ሌላውን ክፍል እንደ ሌላ ራክ (የማሽኖች መደርደሪያ) ቆጥሮ ቅጂ ሊልክበት ይችላል። ነገ እሱን አስተካክላለሁ፤ ዲስክ ላይ እስኪያርፍ የሚያስጠብቀውንም አበራለሁ። ቢዘገይም ይዘግይ።