ሁሉም ቀዳዳ ነው

የጥሪ ካርዱ «ከጠዋቱ 2፡30፣ ጣና ዳር» ይላል። እኔ ሞኙ 2፡15 ላይ ደረስኩ። ከእኔ የቀደሙት ጀነሬተሩና ባለታንኳዎቹ ብቻ ናቸው። ጀነሬተሩም ገና አልተነሳም።

ዝግጅቱ ባህላዊ ታንኳንና ቀዘፋን «ለመዘከርና ለትውልድ ለማስተላለፍ» ነው። በኛ አማርኛ ሲተረጎም፣ ታንኳ ላይ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ስለ ታንኳ የሚናገርበት ቀን ማለት ነው።

መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ባነሩ ነበር። ርዝመቱ ስድስት ሜትር ይሆናል። «ታንኳችን ኩራታችን» ተብሎ በትልቁ ተጽፎበታል። ከጽሑፉ ሥር የሚታየው ግን ቀይ የእንጨት ጀልባ ነው፣ ከኋላው ጥድ የለበሰና በረዶ የተከመረበት ተራራ፣ ውስጡ ደግሞ ጢሙን ያጎፈረ ፈረንጅ። ካናዳ ሳይሆን አይቀርም። ባነሩን ያሠራውን ልጅ ጠየቅኩት። «የኛው ፎቶ ጥራት የለውም» አለኝ። ከጀርባው አስር እርምጃ ርቀት ላይ አምስት ታንኳ ተደርድሯል።

ወደ ታንኳዎቹ ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ ቁጢጥ ብለው ታንኳ የሚሠራበትን የሐይቅ ዳር ተክል፣ የደንገሉን ገመድ ያጠባብቃሉ። በጉልበታቸው ጫን ይሉና ሳብ፣ ጫን ይሉና ሳብ። የታንኳው ጫፍ ወደ ላይ ቀና ብሎ እንደ ዶሮ ጭራ ቆሟል።

«አባባ፣ ስንት ጊዜ ያገለግላል?»

«እንዳያያዙ ነው ልጄ። ካላደረቁት ውኃ ይጠጣል። ከጠጣ ይከብዳል። እንደ ሰው ነው።»

ደንገሉን ከየት እንዳመጡት ጠየቅኳቸው። በአገጫቸው ድንኳኑ የተተከለበትን መናፈሻ አሳዩኝ። «ድሮ እዚህ ነበር የማጭደው። አሁን ራቅ ብዬ ነው።»

ታንኳ የጠዋት ነገር ነው። ጣና ጠዋት እንደ መስታወት ቢተኛም እንዲያው ይውላል ብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ይጀምራል፣ ስለዚህ ባለታንኳ እንጨቱን ጭኖ ገና ጎህ ሲቀድ ይነሳና ፀሐይ ሳትበረታ ገበያው ይደርሳል። ይህን ባሕር ዳር ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ኮሚቴው ግን የቀዘፋ ውድድሩን ከንግግሩ በኋላ አደረገው፣ ንግግሩን ከክብር እንግዳው በኋላ፣ የክብር እንግዳው ደግሞ 5 ሰዓት ላይ መጡ።

እንግዳው ረጅም ሰው ናቸው። ንግግራቸውም እሳቸውን መሰለ። ደንገልን አወደሱ፣ አባቶቻችንን አወደሱ፣ በታንኳ ሥራ የሚታወቀውን የጣና ዳሩን የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የእጅ ጥበብ በግማሽ ዓረፍተ ነገር አወደሱና ወደ አትላንቲክ ተሻገሩ። «የጣና ታንኳ ውቅያኖስ ያቋረጠ ነው!» ሲሉ ጭብጨባው ቀለጠ።

እዚህ ላይ አላስቻለኝም። እ.ኤ.አ. በ1969 ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ «ራ» የሚላትን የደንገል መርከብ ሲያሠራ ደንገሉ በእርግጥ ከጣና ነበር የሄደው። መርከቧን የሠሩት እጆች ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ናቸው። ከሞሮኮ ተነስታም ባርባዶስ ሳትደርስ መንገድ ላይ ተበታተነች። ይህንኑ አጠገቤ ለቆሙት ሽማግሌ በሹክሹክታ ነገርኳቸው።

«ስንት ቀን ውኃ ላይ ቆየች?»

«ወደ ሁለት ወር ገደማ።»

«ሳያደርቋት?»

«ውቅያኖስ መሃል የት ያድርቋት አባባ?»

«እንግዲያ ምን ጠበቁ?» ብለው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ።

ከንግግሩ በኋላ ፎቶ መጣ። እንግዳው ከነሱፋቸው ብርቱካናማ የአደጋ መከላከያ ጃኬት ደርበው የሽማግሌው ታንኳ ላይ ወጡ። ሁለት ወጣቶች ታንኳውን ያዙ፣ ሦስተኛው እንግዳውን ያዘ። ድሮን ከላይ ያንዣብባል። ትንሽ እንደቆዩ ሱሪያቸው ከሥር መራስ ጀመረ።

«ኧረ ይሄ ነገር ቀዳዳ አለው!»

«ጌታዬ፣» አሉ ሽማግሌው ረጋ ብለው፣ «ሁሉም ቀዳዳ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ታንኳ ውኃ እንዳይገባበት ተብሎ የተሠራ ዕቃ አይደለም። ደንገሉ ቀላል ስለሆነ ነው የሚንሳፈፈው። ውኃው በመሃል ለመሃል ይገባል፣ ይወጣል። ለዚህ ነው ጭነትም ሰውም ከፍ ብሎ በተነጠፈው ደንገል ላይ የሚሆነው። እንግዳው ከፍ ብለው ሳይሆን ዝቅ ብለው ተቀምጠው ነበር። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል።

7 ሰዓት ላይ ነፋሱ መጣ። ውድድሩ «ከአቅም በላይ በሆነ የአየር ሁኔታ ምክንያት» ተሰረዘ። ምሳው አልተሰረዘም። የተጠበሰ ቀረሶ ዓሣ ነበር፣ እግዜር ይይላቸው ይጣፍጣል። ኩፖኑ ባለታንኳዎቹ ጋ ሳይደርስ አለቀ። ለነሱ ኮፍያ ተሰጣቸው። አበሉ ለኮሚቴው ነው። ለሽማግሌው ደግሞ በመስታወት የተከፈፈ የምስክር ወረቀት ተበረከተላቸው። ገልበጥ አድርገው አዩትና ለእኔ አቀበሉኝ።

«ምን ይላል?»

«ታንኳ መሥራት ይችላሉ ይላል።»

«እሺ።»

ወደ 11 ሰዓት ነፋሱ ሲበርድ ሰዉ ተበትኗል። ሽማግሌው ባነሩን የሚያወርደውን ልጅ ጠጋ ብለው «ይቺን ሸራ ትጥሏታላችሁ?» አሉት። ልጁ ጠቅልሎ ሰጣቸው። ከገበያ የገዙትን ጨውና ሁለት ኩንታል እህል በከፍታው ላይ ጫኑ፣ ምስክር ወረቀቱን ከሥር እንደ ጣውላ አስተኙት፣ ባነሩን ከላይ አልብሰው ዙሪያውን በገመድ ጠፈሩት። ከዚያ ረጅሟን ዘንግ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እየነከሩ ሄዱ።

ከሩቅ የሚታየኝ ጢማሙ ፈረንጅ ብቻ ነበር። ከነቀይ ጀልባው፣ ከነበረዶው፣ በደንገል ታንኳ ተጭኖ ጣናን ይሻገራል።