ገና ሳይገነባ ላጨበጨቡ ሁሉ

ሕንፃው ገና በወረቀት ላይ ሳለ እንዳለቀ ቆጥሮ ማጨብጨብ የአውሮፓ ሹማምንት፣ ባንኮችና ንብረት ገማቾች ለዓመታት ተንከባክበው ያሳደጉት ክቡር ልማድ ነው። ኦስትሪያዊው ባለሀብት ሬነ ቤንኮ ያቋቋመው ሲግና የተባለ የሪል እስቴት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 መጨረሻ ለቪየና የንግድ ፍርድ ቤት የኪሳራ ማመልከቻ ካስገባ ወዲህ ወቀሳው ሁሉ በአንድ ሰው ላይ መውደቁ ታዲያ ግፍ ነው። የሰውየውን ጉዳይ ፍርድ ቤት ይየው፤ እኔ ያሳዘነኝ አጨብጫቢዎቹ ያለ ምስጋና መቅረታቸው ነው።

ቀዳሚው ምስጋና ለገማቾቹ ይድረስ። አንድ ሕንፃ ወደፊት ዳጎስ ያለ ኪራይ ያስገባል ተብሎ ሲገመት ዋጋው በመዝገብ ላይ ያድጋል፤ ያደገው ዋጋ ትርፍ ተብሎ ይመዘገባል፤ ትርፉ ለባለ አክሲዮኖች ይከፋፈላል፤ ሕንፃው ደግሞ በአዲሱ ዋጋው ለሌላ ብድር መያዣ ይሆናል። የእኛ ተረት ላም አለኝ በሰማይ ካለ በኋላ ወተቷንም አላይ ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ እነዚያ ግን ላሟን እዚያው ሰማይ ላይ እንዳለች አልበው ወተቷን ተከፋፍለዋል፣ ጥጃዋንም ለባንክ አስይዘዋል። ኪራዩን ማን ይከፍላል ብሎ መጠየቅ ነውር ነበር፤ ምክንያቱም በጀርመን ከተሞች እምብርት ያሉት የጋለሪያ መደብሮችም በሲግና እጅ ስለነበሩ፣ በብዙ ቦታ አከራዩም ተከራዩም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። ተከራዩ ሲያቃስት የጀርመን መንግሥት በወረርሽኙ ዘመን ወደ 680 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ድጋፍ ሰጠው። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ወለድ ደጋግሞ ባይጨምር ኖሮ ይህ ሁሉ ሒሳብ እስከ ዛሬ በሰላም ይኖር ነበር፤ ገንዘብ ዋጋ ይኑረው ብሎ እንዲህ ባለ ድግስ መካከል መግባት በእውነቱ ምን ይባላል?

ድግስ ካልን ዘንድ፣ ሲግና በየመጸው በቪየናው ፓርክ ሀያት ሆቴል ሲያዘጋጀው የነበረውን ግብዣ ሳያነሱ ማለፍ ውለታ መርሳት ነው። ሆቴሉ ያኔ የሲግና የነበረ ሲሆን፣ ያረፈው በአንድ ጥንታዊ ባንክ ሕንፃ ውስጥ ነው። ፖለቲከኞችና የባንክ ሰዎች ወደዚያ እየጎረፉ እንደ ቲሮል ገበሬ የተጠበሰ ቼስትነት የተባለ የዛፍ ፍሬ ይበሉ ነበር። የቀድሞው የኦስትሪያ መራሔ መንግሥት አልፍሬድ ጉዘንባወር የሲግና ሁለት ዋና ዋና ቅርንጫፍ ኩባንያዎች ተቆጣጣሪ ቦርድ ሰብሳቢ ነበሩ። እንዲህ ባለ ማዕድ ላይ ስለ ዕዳ የሚያነሳ ባለጌ አልተገኘም።

የከተሞቹ አስተዳደሮችም ከማንም አላነሱም። የበርሊን ሴኔት በነሐሴ 2020 ከሲግና ጋር አንድ የመግባቢያ ሰነድ ፈረመ፤ ኩባንያው ሊዘጉ የነበሩ መደብሮችን ያቆያል፣ ከተማዋም በአሌክሳንደርፕላትስ፣ በኩርፉርስተንዳምና በሄርማንፕላትስ ለታሰቡት ግንባታዎች መንገድ ታመቻቻለች። በሄርማንፕላትስ የታሰበው በ1929 ተከፍቶ በጦርነቱ ማብቂያ የወደመውን የካርሽታት መደብር መልክ መልሶ ማምጣት ነበር፤ የተቃወሙትም የአካባቢው ነዋሪዎች የውበት ጠላት ተብለው ታለፉ። በቪየናው ማሪያሂልፈር ጎዳና ደግሞ ነባሩ የሌይነር የቤት ዕቃ መደብር ፈርሶ በቦታው ላማር የተባለ ዘመናዊ መደብር ተጀመረ። ማፍረሱ ያለ እንከን ተጠናቋል።

የልማዱ ዋና ሐውልት ግን ሃምቡርግ ነው። በ2018 መጀመሪያ የያኔው ከንቲባ ኦላፍ ሾልትስ ኋላ ላይ 245 ሜትር እንዲረዝም የታቀደውን የኤልብታወር ሕንፃ ንድፍ ለሕዝብ አቀረቡ፤ ሕንፃው በግል ባለሀብት ገንዘብ የሚቆም ስለሆነ የሚያሰጋ ነገር አልነበረም፣ እሳቸውም ብዙም ሳይቆዩ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው ወደ በርሊን ተሻገሩ። በጥቅምት 2023 የሥራ ተቋራጩ ክፍያው ሲቀርበት ሠራተኞቹን አስወጣ፤ ሕንፃውም 100 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጣሪያ የሌለው ሲሚንቶ ሆኖ በኤልብ ወንዝ ድልድይ አጠገብ ቆመ። የሃምቡርግ ሰው «አጭሩ ኦላፍ» የሚል ስም አወጣለት፤ ይህም ምስጋና ቢስነት እስከ ምን እንደሚደርስ ያሳያል።

ሹማምንቱ ግን በስም ማጥፋት የሚበገሩ አይደሉም። ከተማዋ በ2025 ሕንፃው ወደ 199 ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲያልቅና የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር እንዲገባበት፣ ለቤተ መዘክሩም እስከ 595 ሚሊዮን ዩሮ ከሕዝብ ካዝና እንዲወጣ አቅዳለች። ከዓለም ለጠፉ ፍጥረታት አጽም የሚሆን ቦታ እንደማይጠፋ አምናለሁ፤ የእኔ ትሑት ልመና የ2018ቱ ንድፍም፣ ከነአቅራቢዎቹ ፎቶግራፍ፣ በዳይኖሰሮቹ ክፍል አንድ መስታወት ሳጥን እንዲሰጠው ብቻ ነው።