«ይመስገን» የትኛው ሣጥን ውስጥ ይሞላል?

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ስብሰባ ነበር። ገና ሥራ ለሚጀምሩ የሥነ ልቦና አማካሪዎች የተዘጋጀ ገለጻ ነው። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፤ የሰማ ሰምቷል። ሰብሳቢው ባለ 4 ገጽ ቅጽ አደሉና መመሪያ ሰጡ። ቅጹ ተገልጋዩ በመጣበት በመጀመሪያው ቀን ይሞላል። ሙሉውን። ለአንድ ሰው 20 ደቂቃ ተመድቧል። ባዶ ሣጥን የተገኘበት ቅጽ ተመላሽ ይሆናል። አንዲት ጀማሪ እጇን አውጥታ «ሰውየው መናገር ባይፈልግስ?» ብላ ጠየቀች። መልሳቸው ይኸውላችሁ፦ «የሰሜን ሸዋ ሕዝብ ጨዋ ነው። የጠየቃችሁትን ይመልስላችኋል።»

ከዚያ የሻይ ሰዓት ደረሰ ተባለ።

ጨዋነቱንስ ማን ካደ? እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። ግን ጨዋ ሰው ምን እንደሚያደርግ ሰብሳቢው ረስተውታል። ጨዋ ሰው ገበናውን ለባዳ አያወጣም። ልጁን ቀብሮ በሳምንቱ «እንዴት ሰነበትክ?» ብትሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ሆዱ እያረረ «ደህና ነኝ» ይላል። አዎ፣ ይመልስላችኋል። የሚመልሰው ግን እናንተን ላለማሳፈር ነው። ሕዝቡ ጨዋ ባይሆን ኖሮ ይሄ ቅጽ ይሠራ ነበር።

እስኪ «ይመስገን» ላይ ትንሽ ልቆይ።

ከመሐል ሜዳ በጣርማበር ዞረው የመጡ አንድ አባት አስቡ። በሌሊት ነው የተነሡት። ባናቸውን እንደተከናነቡ ገቡ። ልጅ እግር አማካሪ ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጣለች። ቅጹ «ስምህ/ስምሽ» ብሎ ይጀምራል። ስድሳውን ያለፉ ሰው «ስምህ ማን ነው?» ተብለው ቢጠየቁ ቀጠሮው እዚያው አለቀ። ልጅቷ ግን ያሳደጓት ናት፤ ቅጹን ገፋ አድርጋ ትነሣለች። «እንደምን አደሩ?» «ይመስገን።» «ደህና ነዎት?» «ይመስገን፤ ምን እላለሁ።»

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አላት። አንዱ ወደ ቅጹ መመለስና «ዋና ችግር» የሚለው ሣጥን ውስጥ «የለም» ብሎ መጻፍ ነው። ሌላው ሰላምታውን መቀጠል ነው። መንገዱ እንዴት ነበር? ብርዱስ? ዘንድሮ ገብሱ ያዘ? በጎቹስ? ይሄ ለሰብሳቢው ጊዜ ማባከን ነው። በእኛ አገር ግን ሰላምታ ሚዛን ነው። ልጅቷ እየጠየቀች ይመስላታል እንጂ እየተመዘነች ያለችው እሷ ናት። ይቺ ልጅ ትቸኩላለች? ታቋርጠኛለች? የማን ልጅ ናት? የነገርኳትን ማታ ሠፈር ውስጥ ትደግመዋለች?

አራተኛው ወይም አምስተኛው «ይመስገን» ላይ ድምፁ ይለወጣል። ልብ ያለ ይሰማዋል። የመጀመሪያው «ይመስገን» በሩን የሚዘጋ ነው። የኋለኛው ወለል አድርጎ ባይከፍተውም ገርበብ ያደርገዋል። «ይመስገን... እንግዲህ እሱ ያመጣውን ምን ይደረጋል።» በቃ። የመጀመሪያው ቀን ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እዚህ ለመድረስ 15 ደቂቃም 25 ደቂቃም ሊፈጅ ይችላል። ከዚህ በኋላ ከአማካሪዋ የሚጠበቀው ዝም ማለት ነው።

ዝም ማለት ደግሞ ለጀማሪ ከሁሉ የከበደ ሥራ ነው። ጸጥታው ሲመጣ ጀማሪ ይደነግጣል። «አልቻልኩም ማለት ነው» ብሎ ያስባል። 10 ሰከንድ 10 ደቂቃ ይመስለዋል። ስለዚህ በምክር ይሞላዋል። ወይም ቅጹን ያነሣል። የቅጹ ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው፤ ለፈራ ጀማሪ መደበቂያ ይሰጠዋል። ዓይኑን ወረቀት ላይ ተክሎ ሲጽፍ ሥራ የሠራ ይመስለዋል። ፊቱ የተቀመጠው ሰው ደግሞ የሚያየው የጸሐፊውን ፀጉር ነው።

የእኔን ልንገራችሁ። 24 ዓመቴ ነበር። ቦታው ሸዋ ሮቢት። የመጀመሪያ ሰዬ ሚስታቸው የሞተችባቸው አባት ነበሩ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ዝም አሉ። እኔ ግን ዝም አላልኩም። ማታ ማታ ቡና ይቀንሱ፣ ከሰው ይቀላቀሉ፣ ቀን አይተኙ፣ ምን ያልመከርኳቸው አለ! በጥሞና ሰሙኝ። ተነሡ። «ተባረክ ልጄ» አሉኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ። ለሁለተኛው ቀጠሮ አልመጡም። ለሦስተኛውም። «ተባረክ ልጄ» መሰናበቻም እንደሚሆን የገባኝ ቆይቶ ነው።

ስሙም ራሱ ያሳስታል። «አማካሪ» ሲባል ምክር አከፋፋይ ይመስላል። ምክር ያጣ ሰው ደግሞ የለም። ዕድርተኛው መክሮታል። አማቱ መክራዋለች። የሚኒባስ ረዳት ሳይቀር መክሮታል። ያጣው ሳያቋርጥ የሚሰማው ሰው ነው።

ወደ ቅጹ ልመለስ፤ አልጨረስኩም። ይሄ ቅጽ ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን ለተጠለሉት ወገኖችም ነው የሚሞላው። እነዚህ ሰዎች ስንት ጊዜ ተመዝግበዋል? ስም፣ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የወደመ ንብረት። ወረቀት የያዘ ሰው ሲያዩ የሚታያቸው ዱቄትና ዘይት ነው። አይፈረድባቸውም። ስለዚህ ዝርዝሩ ውስጥ የሚያስገባቸውን መልስ ይሰጣሉ። እናቲቱ ማታ ማታ የምትሰማው ጩኸት የትኛውም ሣጥን ውስጥ የለም። የቅጹ 3ኛ ገጽ ደግሞ «የደረሰብህን/የደረሰብሽን ሁኔታ በዝርዝር ግለጽ/ግለጪ» ይላል። በመጀመሪያ ቀን! በ20 ደቂቃ! ንስሐ አባት እንኳ እንዲህ አያናዝዝም።

ይሄ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ጋር ባወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ፣ ሰው ታሪኩን እንዲናገር አትጫኑት ብሏል። ከዚያ በፊት በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት ግምገማም አለ። አደጋ የደረሰበትን ሰው አንድ ቀን አስቀምጦ ሁሉን ማናገር በኋላ ከሚመጣው የአእምሮ ጠባሳ አያድንም ነው ድምዳሜው። እንዲያውም ከተገመገሙት ጥናቶች በአንዱ ከዓመት በኋላ የባሰባቸው ነበሩ። አጣዬና ሸዋ ሮቢት ውስጥ ቤቱ ተቃጥሎበት የተረፈ ሰው ፊት 3ኛውን ገጽ ስትዘረጉ ይሄን አስታውሱ።

«ሰው ብዙ ነው፣ አማካሪ ጥቂት ነው» የሚል ክርክርም ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ ጥቂት ነን። ግን 20 ደቂቃ ተቀምጦ ዳግም የማይመጣ ሰው ምኑ ነው ቁጠባ? 669 ጥናቶችን ያሰባሰበ አንድ የ2012 እ.ኤ.አ. ትንታኔ፣ ከ5 ሰው 1ዱ ግድም የንግግር ሕክምናውን ሳይጨርስ እንደሚያቋርጥ አሳይቷል። ያ እንግዲህ ቀጠሮ 50 ደቂቃ በሆነበት ዓለም ነው። በዚህ ቅጽ ከ5ቱ 4ቱ ይጠፋሉ ባይ ነኝ። ማስረጃ አምጣ አትበሉኝ። ባዶ ወንበር ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነኝ።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። በመጀመሪያው ቀን የግድ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። «ሕይወትዎን ስለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ይሄ ለሁለተኛ ቀጠሮ አይተላለፍም። ጀማሪዎች መጠየቁን ይፈራሉ፤ ሐሳቡን የሚያመጡበት ይመስላቸዋል። አያመጡበትም። በግልጽ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ሰውየውን ያሳርፈዋል። ግን ቅጹ ላይ ይሄ ጥያቄ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? 4ኛው ገጽ ላይ፣ ከስልክ ቁጥር ቀጥሎ። በሰብሳቢው ሰዓት 19ኛው ደቂቃ ላይ ይደረስበታል ማለት ነው። «አዎ» ቢልስ? በቀረችው 1 ደቂቃ ምን ልታደርጉለት?

ምሥጢርም እንደዚሁ። ቅጹ ላይ አንድ መስመር ናት። «ምሥጢሬ እንደሚጠበቅ ተነግሮኛል፣ ፊርማ።» ማን ነገረው? ይሄ በአፍ የሚነገር ነገር ነው። ገደቡም አብሮ ይነገራል፦ ራስዎን ወይም ሌላ ሰው የሚጎዳ ነገር ካለ ብቻዬን አልይዘውም። «ለማንም ትንፍሽ አልልም» ብሎ የሚምል ጀማሪ በኋላ ራሱን አጣብቂኝ ውስጥ ይከታል።

ደግሞ እኛ የምንሠራው ትንንሽ ከተማ ውስጥ ነው። የሥነ ምግባሩ ትምህርት ተገልጋይህን መንገድ ላይ ብታገኘው ቀድመህ ሰላም አትበለው ይላል፤ ምሥጢሩ እንዳይወጣ። ደብረ ሲና ገበያ ላይ ይሄን አድርጉትና እዩ! አባትየውን አይታችሁ ዝም ብትሉ ንቀት ነው። ቅዳሜ ሰላም ሳትሏቸው ካለፋችሁ ሰኞ ገበናቸውን አያወጡላችሁም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ትነጋገራላችሁ። «ገበያ ላይ ብንገናኝ ሰላም ልበልዎ ወይስ ልለፍዎ?» ብዙዎቹ ይስቃሉ። ያ ሳቅ ከ4ቱም ገጽ ይበልጣል። ቅጹ ላይ ግን ሣጥን የለውም።

ሌላም ነበረኝ። በጠበል ስለሚመጡት ለምሳሌ። ሸንኮራ ዮሐንስ ሰንብቶ የመጣን ሰው «ለምን ቀድመህ አልመጣህም?» ብሎ መቀበል ምን ያህል ነውር እንደሆነ። ለሌላ ቀን ይቆየኝ።

ያቺ እጇን ያወጣችው ልጅ ማታ ደወለችልኝ። ሰኞ የመጀመሪያ ሰዋን ትቀበላለች። «ምን ላድርግ ጋሼ?» አለችኝ። ሕይወት ስለማጥፋት ያለውን ጥያቄ ጠይቂ አልኳት። «ዋና ችግር» የሚለው ሣጥን ውስጥ «ይመስገን» ብለሽ ጻፊ። ሌላውን ተዪው። ለሁለተኛው ቀጠሮ ቀን ያዢ። ቅጹ ተመላሽ ከሆነ ለእኔ ይላኩት።