ከምርመራ ክፍሉ ውጡላት

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምቆጣው በራሳችን ላይ ነው። ሚስቱን የሚመታ ባል ወንጀለኛ መሆኑ አያከራክርም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 ደንግጎታል። እኔን የሚያንገበግበኝ እሷን ሐኪም ቤት ድረስ ወስደን እዚያው አፏን የምንዘጋት እኛ መሆናችን ነው።

ፒያሳ ይሁን ሜክሲኮ፣ አንድ ክሊኒክ ኮሪደር ላይ ተቀምጣችሁ ተመልከቱ። ስሟ ሲጠራ ባል አብሮ ይነሣል። አማት ትከተላለች። ሐኪሙ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲላት ባል ቀድሞ «ደረጃ ላይ ወድቃ ነው» ይላል። እሷ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠበቅ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። ማስታገሻ ይታዘዝላታል። አለቀ።

ሰው ሲወድቅ እጁን ይዘረጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚላጠው መዳፉ፣ ክርኑና ጉልበቱ ነው። ዓይኗ ሥር፣ ጡቷ፣ ሆዷና ጀርባዋ ላይ የበለዘ ነገር ካለ፣ በዚያ ላይ የቆየና ትኩስ ጉዳት ከተደባለቀ፣ ሐኪም ሊጠረጥር ይገባል። ቁስል የሌላቸውም አሉ። በራስ ምታት፣ በማይለቅ የሆድ ሕመም፣ በእንቅልፍ ማጣት ይመላለሳሉ፤ ምርመራው ሁሉ ደህና ነው ይላል። አንገቷን የታነቀች ሴት ደግሞ ቆዳዋ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ድምፅዋ ከሻከረ፣ ለመዋጥ ከተቸገረች ግን ቀላል ነገር አይደለም። ቆይቶም ይገድላል።

ዶክተሮች፣ እናንተም ከዚህ ተግሣጽ አታመልጡም። ወረፋው እንደማያፈናፍን አውቃለሁ። ቢሆንም «ለምርመራ ብቻዋን ትቆይ» ብሎ ቤተሰብ ማስወጣት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? በሩን ዝጉና «እህቴ፣ የመታሽ ሰው አለ? ቤት ውስጥ የምትፈሪው ሰው አለ?» በሏት። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ከዚህ አይርቅም። አዳምጧት፣ የሚያስፈልጋትን ጠይቋት፣ እመኗት፣ ዛሬ ማታ ቤቷ መግባት ያሰጋት እንደሆነ አጣሩ፣ ከሚረዳት ጋር አገናኟት። «ለምን አትፈቺውም?» አይባልም። ባልየውን ጠርታችሁም አትቆጡት፤ ማታ ዕዳው የሚወርደው በእሷ ላይ ነው። ያለችውን በራሷ ቃል ካርዷ ላይ ጻፉ። የጉዳቱን ቦታና ስፋት መዝግቡ፤ ነገ ፍርድ ቤት ማስረጃ የሚሆናት እሱ ነው። ባልየው እንዳያየው፣ ቤት ይዛው በምትሄደው ወረቀት ላይ ግን ስለ ጥቃቱ አንዲት ቃል እንዳታሰፍሩ።

የምትልኩበት አጥታችሁም አይደለም። ከስታዲየም ብዙም በማይርቀው ጋንዲ ሆስፒታል፣ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናውንና የሕግ ድጋፉን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ።

እናንተ «የባልና ሚስት ነገር ነው» የምትሉ ጎረቤቶችና ሽማግሌዎች ደግሞ ስሙኝ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከተጠየቁት ሴቶች 63 ከመቶዎቹ ባል ሚስቱን ለመምታት ቢያንስ አንድ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ብለዋል። ከማን ሰሙት? ከእናት፣ ከአክስት፣ «ቻይው» እያልን ከመለስናት ከእኛው!

እህታችሁን ሐኪም ቤት ስትወስዱ በሩ ላይ ቅሩ። ልጇን ያዙላት። ሐኪሙ ውጡ ሲላችሁ አትኮሳተሩ። ስትወጣም «ምን አልሽው?» ብላችሁ አታፋጥጧት።