ማፍላት ናይትሬትን አያስወግድም

«የጉድጓድ ውሃ ናይትሬት ካለበት አፍልቶ መጠጣት ነው» የሚለው ምክር ከቅን ልብ የመጣ ይመስለኛል፤ ግን ልክ አይደለም። ማፍላት ጀርም ይገድላል። ናይትሬት ግን ውሃ ውስጥ የሟሟ ጨው መሰል ኬሚካል ስለሆነ አይተንም። እንዲያውም በሊትር 50 ሚሊግራም ያለው 2 ሊትር ውሃ ተንተክትኮ 1 ሊትር ቢቀር፣ መጠኑ ወደ 100 ይጠጋል። 50 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ ነው። ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያ ክሎሪን) መጨመርም አይነካውም።

ጉዳቱ የሚብሰው የዱቄት ወተት በዚህ ውሃ ለሚበጠበጥላቸው ጨቅላዎች ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል።

ናይትሬት ቀለምም ሽታም የለውም። እንደ ድሬዳዋ የሽንት ቤት ጉድጓድ ፍሳሽ የከርሰ ምድር ውሃን በነካበት ከተማ ያላችሁ፣ ናሙና ላቦራቶሪ አስመርምሩ። ውጤቱ የተጻፈው በ«ናይትሬት-ናይትሮጅን» (በናይትሬቱ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ብቻ ተቆጥሮ) ከሆነ ግን ጣሪያው በሊትር 50 ሳይሆን 11 ሚሊግራም ገደማ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል።