አማካሪዎቻችን ባይኖሩ አፕል ምን ይውጠው ነበር?

ባለፈው እሁድ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ዘመድ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። የቤቱ ልጅ ኮሌጅ ልትገባ ነው። ጥያቄዋ ከአንድ መስመር አይበልጥም። "ላፕቶፕ ልግዛ ወይስ ታብሌት?" ስትጠይቅ ገና አቦሉ እየተቀዳ ነበር። ቶናው አለፈ። በረካው ተጠጣ። ፈንዲሻው አልቆ ሰሃኑ ላይ ያልፈነዱት ፍሬዎች ብቻ ቀሩ። ልጅቷ መልስ አላገኘችም።

ጥያቄዋ ተንቆ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ከበረ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ "እሷ ምን ትግዛ?" መሆኑ ቀርቶ "አፕል ምን ማምረት አለበት?" ሆኖ አረፈው። አንዱ የአፕልን ኮምፒውተር ማክንና ታብሌቱን አይፓድን አጋባቸው። አጠገቡ የተቀመጠው ወዲያው አፋታቸው። ሦስተኛው "የሚታጠፍ ነው የሚያዋጣው" ብሎ ናፕኪን አራት ቦታ አጥፎ አሳየን። አራተኛው፣ ቲም ኩክ የአፕል አለቃ ሳለ በ2012 የተናገረውን አነሳ። ሰውየው ላፕቶፕና ታብሌትን ማዳቀል ቶስተርን ከፍሪጅ ጋር እንደማዋሃድ ነው፣ ይቻላል ግን ተጠቃሚውን ላያስደስት ይችላል ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ስለ ቶስተርና ፍሪጅ ሆነ። "ጠዋት ለሥራ ለሚቸኩል ሰው ግን አሪፍ አይደለም?" ያለም ነበር። ቅቤውም እዚያው ነው፣ ዳቦውም እዚያው ነው።

ታውቋቸዋላችሁ። በየቤታችሁ አንድ አለ። ቤታችሁ ከሌለ አይታችሁ ይሆናል፣ ሠርግ ላይ ከጥግ ወንበር፣ ለቅሶ ላይ ከድንኳኑ ደጃፍ።

ለእነዚህ ሰዎች ምስጋና ሲያንሳቸው ነው። እስቲ አስቡት። ካሊፎርኒያ፣ ኩፐርቲኖ የተቀመጠው ኩባንያ መሐንዲስ ሞልቶታል። ገንዘብ ሞልቶታል። የጎደለው የእኛ አጎት ብቻ ነው። አጎታችን የገዛ ቤቱን የዋይፋይ ፓስዎርድ የሚያስታውሱለት ልጆቹ ናቸው። ግን "እኔ አፕልን ብሆን" ብሎ ሲጀምር ቤቱ ጸጥ ይላል። ልብ በሉ፣ "የአፕል አለቃ ብሆን" አይልም። "አፕልን ብሆን" ነው የሚለው። ሌላው ሰው ሐኪም መሆን ይመኛል፣ ፓይለት መሆን ይመኛል። አጎታችን የሚመኘው ኩባንያ መሆን ነው።

ያውም በነጻ። አንድም ቀን ደመወዝ ሳይጠይቅ፣ አንድም ቀን ዕቃውን ሳይገዛ።

ሙያው እንዲህ በዋዛ እዚህ አልደረሰም። ወርቃማ ዘመኑ ከ2007 እስከ 2010 ያለው ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ የምቆጥረው የሚመከሩት እነሱ ስለሆኑ ነው።) በ2007 መገባደጃ አሱስ የተባለው የታይዋን ኩባንያ ኢ ፒሲ የምትባል ትንሽዬ ላፕቶፕ አወጣ። ስክሪኗ 7 ኢንች፣ ማከማቻዋ 4 ጊጋባይት፣ ክብደቷ ከኪሎ በታች፣ ዋጋዋ 400 ዶላር ገደማ። እኔም አንድ ሰው የሰለቻትን በርካሽ ገዝቼ ነበር። የቀኟ ሺፍት የጥፍር ያህል ሆና ወደ ላይ ከምትወስደው ቀስት ወዲያ ማዶ ተወሽቃለች። ጥያቄ ምልክት ልጽፍ ስል ቀስቷን እነካለሁ። ከዚያ ዘመም ያለች ሰረዝ ከላይኛው መስመር መሃል ጉብ ትላለች። በዚያች ዕቃ የጻፍኩት ደብዳቤ ሁሉ የጠየቀ ሳይሆን ያቃሰተ ነው የሚመስለው።

ግን ርካሽ ነበረች። ኤሰርም፣ ዴልም፣ ኤችፒም ተከተሉ። የዘሩ ስም ኔትቡክ ተባለ። ያኔ አማካሪዎቻችን በአንድ ድምፅ ወደ አፕል ዞሩ። "ኔትቡክ ካላወጣ አለቀለት!" በኦክቶበር 2008 የዚያን ጊዜው የአፕል አለቃ ስቲቭ ጆብስ በ500 ዶላር ቆሻሻ ያልሆነ ኮምፒውተር መሥራት አናውቅበትም ብሎ በአደባባይ ተናገረ። አማካሪ በእንዲህ ያለ ነገር አይበገርም። ባለቤቱ አልሠራም ስላለ ክርክር ይቆማል እንዴ? "ሲክድ ሊያወጣ ነው ማለት ነው" አሉ። ትዕግሥቱ ያለቀበት ደግሞ የማክን ሲስተም ዴል ሚኒ 9 የሚባል ኔትቡክ ላይ ጭኖ ለአፕል አርአያ ሆነው።

በሌላ ወገን የታብሌት ደጋፊዎች ነበሩ። እነዚህ ልጁ ሳይወለድ ስም አወጡለት። አይስሌት አሉት። አይታብሌት አሉት። ዋጋውንም 1,000 ዶላር ቆረጡለት። ከዚያ ዋጋው ተወደደ ብለው ተቆጡ። የቆረጡት ራሳቸው፣ የተቆጡትም ራሳቸው።

ጃንዩዋሪ 27 ቀን 2010 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ዕቃው ወጣ። ስሙ አይፓድ፣ ስክሪኑ 9.7 ኢንች፣ መነሻ ዋጋው 499 ዶላር። ጆብስ ኔትቡክ በምንም ነገር የተሻለ አይደለም ብሎ መድረኩ ላይ ሶፋ ውስጥ ተደላድሎ ተቀመጠ። አማካሪዎቻችን ለቅሶ ተቀመጡ። ካሜራ የለውም። ዩኤስቢ የለውም። ትልቅ አይፎን ነው። አፕሪል 3 ገበያ ሲወጣ በመጀመሪያው ቀን 300,000፣ በ28 ቀን ደግሞ 1 ሚሊዮን ተሸጠ። ኔትቡኮቹ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሱቅ መደርደሪያ ጠፉ።

እኔን የሚያስቀኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በጁን 2010 ጆብስ ታብሌቱ የታሰበው ከስልኩ በፊት እንደነበር አወራ። በጣት የሚነካውን ስክሪን ሲያይ ይሄማ ስልክ ይወጣዋል ብሎ ታብሌቱን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። አይፎን የወጣው በ2007 ነው። እንግዲህ አስሉት። የእኛ ሰዎች በ2009 "ይወለድ፣ አይወለድ" እያሉ ጠረጴዛ ሲደበድቡ ልጁ ጥርስ አብቅሎ ነበር።

ከአማካሪዎቹ ሁሉ የማከብረው አንድ ወዳጃችን አለ። ለቀሪው ዘመናችን ምሳሌ የሚሆን ሰው ነው። በ2008 የላፕቶፑ ማጠፊያ ተሰበረ። ሱቅ ልንወስደው ስንል "ቆይ" አለ። "ኔትቡክ ሊያወጡ ነው።" ጠበቀ። በ2010 አይፓድ መጣ። "ካሜራ የሌለው ነገር ምን ይሠራል?" ጠበቀ። በ2011 ሁለተኛው አይፓድ ከነካሜራው መጣ። "ካሜራው ደብዛዛ ነው።" ጠበቀ። በማርች 2012 ሦስተኛው በጠራ ስክሪን መጣ። በእጁ መዘነና "ከብዷል" አለ። እውነቱን ነው፣ ሃምሳ ግራም ያህል ከብዶ ነበር። ጠበቀ። በሰባት ወሩ አራተኛው ሲመጣ ቤታችን ድረስ መጥቶ በሩን አንኳኳ። "አየህ? ገዝቼ ቢሆን ተቃጥዬ ነበር!" ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ሎተሪ የወጣለት ሰው ደስታ ነው። ባለመግዛት ያተረፈውን ገንዘብ በጣቱ ሲቆጥር አይቻለሁ።

በዚያው ሰሞን ትንሹ አይፓድ ወጣ፣ 7.9 ኢንች። ጆብስ ከሁለት ዓመት በፊት በ7 ኢንች ታብሌት ላይ አሹፎ ነበር፣ ጣት መሞረጃ ብርጭቆ ወረቀት አብሮ ይሸጥ ብሎ። ወዳጃችን ይህችን ይዞ ከረመ። ለአፕል ሳይሆን ለእኔ አስረዳኝ። ሦስት ጊዜ። አንዱን መኪና ውስጥ፣ ቀበቶ ታጥቄ መውረጃ ባጣሁበት። በ2015 ትልቁ መጣ፣ 12.9 ኢንች። "ይሄማ አክንባሎ ነው" አለ። ብዕር መጣ። "ጆብስ ብዕር ጠልቶ ነበር።" በ2020 ማውስ ተፈቀደ። "ማውስ ካለው ላፕቶፕ ነዋ።" በ2021 የማኩ ኤም1 ቺፕ ገባበት። "ሞተሩ የመርሴዲስ፣ መሪው የሳይክል።" በ2025 መስከረም ደግሞ መስኮቶቹ እንደ ማክ የሚደራረቡበት ሲስተም መጣ። አሁንስ አልን፣ አሁንስ ምን ቀረ? ቡናውን ፉት አለ። "ታዲያ እንዲህ ከሆነ ማኩ ምን በድሎ?"

ማኩንም አልገዛም። በኦክቶበር 2010 አፕል ባለ 11 ኢንች ማክቡክ ኤር አውጥቶ ነበር። ያ የሚመኘው ኔትቡክ ማለት ነው። 999 ዶላር ስለነበረ አኩርፎ ተመለሰ። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለውን ተረት ሰምታችኋል። የእሱ ላም ሰማይ ላይ ሆናም የቀንዷ አሠራር አልተመቸውም።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ሰውየው ኮምፒውተር ሳይነካ ኖረ ማለት አይደለም። የቤተ መጻሕፍቱን ነክቷል። የእኔን ነክቷል። የልጆቹን ነክቷል። ታክሱን የሠራው በእኔ ነው። ሲቪው እስከ ዛሬ የእኔ ዴስክቶፕ ላይ ነው፣ "የመጨረሻ" የሚል ስም ያላቸው አራት ፋይሎች። አራቱም ይለያያሉ።

እሁድ ዕለት ሳሎኑ ውስጥ ሰባት ነበርን። ሰባታችንም ቤት መሳቢያ ውስጥ የተኛ ዕቃ አለ። የእኔው አንድ ላፕቶፕና አንድ ታብሌት ነው። የታብሌቱ ባትሪ አብጦ ስክሪኑን ከፍሬሙ እያላቀቀው ነው። ላፕቶፑ ግን ምንም አልሆነም። ደሴ ያለ የወንድሜ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፉን ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ ነው የሚጽፈው። ከዚያ ኢንተርኔት ቤት ወስዶ በገጽ እየከፈለ ያስተይበዋል። አዲስ ግዙልኝ አላለም። "የማትጠቀሙበት አሮጌ ነገር ካለ" ነው ያለው። እኔ ምን መለስኩለት? "ቆይ፣ አዲሱ ሲወጣ የእኔን እልክልሃለሁ።" ይህንን ካልኩት ስምንት ወር ሆነኝ። ሦስት ሰው አገር ቤት ሄዶ ተመልሷል፣ ሻንጣ ውስጥ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ቦታ መለመን አቅቶኝ አይደለም። ስለ ቶስተርና ፍሪጅ ግማሽ ሰዓት ያወራ አፍ ለአንድ ልጅ አንድ ስልክ መደወል ሞት ይሆንበታል። የሚያናድደኝ እሱ ነው። ራሴም ጭምር።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። በረካው ላይ ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባች። ኮሌጁ የላከላትን ወረቀት አውጥታ አነበበች። ላፕቶፕ ይላል። እዚያው ታድሶ የሚሸጥ ማክቡክ አዘዘች፣ በጋውን ሙሉ ካሸር ሆና በሠራችበት ገንዘብ። ሳሎን ውስጥ ይህንን የሰማ አልነበረም። እኛ ገና ስክሪኑ የሚታጠፈው ወደ ውስጥ ይሁን ወደ ውጭ ላይ ነበርን።

ትናንት ዕቃው ደርሶ "እንኳን ደስ አለሽ" ልንል ሄድን። ወዳጃችንም ነበር። ላፕቶፑን አንስቶ ገለበጠው። ከታች አየው። ክዳኑን ጆሮው ሥር አድርጎ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ።

"ቸኮልሽ የኔ ልጅ" አላት።

"ትምህርት ሊጀመር እኮ ነው ጋሼ።"

"ይሁን። ብቻ ቸኮልሽ።" ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "እስቲ አንዴ አውሺኝ፣ የአዲስ አበባ ትኬት ዋጋ ልይ።"

ድረ ገጹን ከፈተችለትና ወደ ጀበናው ሄደች። ሰውየው መነጽሩን አደረገ። ሌባ ጣቱን አንስቶ ስክሪኑ ላይ ያለውን የመስከረም ወር ተጫነው። ምንም የለም። ደግሞ ተጫነው። በአውራ ጣቱ ሞከረ። የጣቱ ዘይት አዲሱ መስታወት ላይ ክብ ሠርቶ ቀረ።

ወደ እኛ ዞረ። ፊቱ በርቷል።

"አያችሁ?" አለ። "አያችሁ? ይህንን እኮ ነው ስነግራቸው የኖርኩት!"